ፎርድ 7.3 ወይስ ዶጅ 5.9?

አሜሪካ ውስጥ ከባድ ተጎታች የሚስብ ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ የሚፈልግ ገዢ ብዙውን ጊዜ በ1999–2003 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ኤፍ-250 ባለ 7.3 ሊትር ሞተር እና በ1998–2002 ዶጅ ራም 2500 ባለ 5.9 ሊትር ሞተር መካከል ያመነታል።

የዶጁ ሞተር፣ ከሚንስ የሚባለው፣ ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ ስለተደረደሩ ኮፈኑ ሲከፈት እጅ የሚያስገባ ቦታ አለ። ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ጣጣው ዙሪያው ነው። ከታንከር ናፍጣ የምታቀብለው ትንሿ ፓምፕ ስትደክም ውዱን ዋና ፖምፓ ይዛው ትጠፋለች። አውቶማቲክ ካምቢዮውም ጭነት ላይ ይለግማል፤ በእጅ የሚቀየረው ይሻላል።

ፎርዱ ስምንት ሲሊንደር ነው። ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ኢንጀክተሮቹ የሚሠሩት በሞተር ዘይት ግፊት ስለሆነ ዘይቱን ችላ ማለት አይቻልም። የካምሻፍቱን (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ) አቀማመጥ የሚከታተለው ሴንሰር ሲበላሽ መንገድ ላይ ሞተሩን ድንገት ያጠፋል፤ ዋጋው ግን ርካሽ ነው፤ መለዋወጫውን ኪስ ውስጥ መያዝ ይበቃል። አውቶማቲክ ከሆነ ምርጫዬ ፎርዱ ነው።

የትኛውንም ስታዩ፣ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ በሌላ ቀን ጠዋት ተመለሱ፤ የሞተሩ ችግር የሚታየው በቀዝቃዛው ሲነሳ ነው።