የሬዚደንሲ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌራችን፦ ቆጠራው ግሩም፣ በጀቱ ደካማ

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ (የሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ኮርዲኔተር ነኝ፤ ሠልጣኝ ሐኪሞቹ (ሬዚደንቶቹ) በየክፍሉ እየተዘዋወሩ የሚሠሩበት የሮቴሽን ፕሮግራሙም የፕሮግራሙ በጀትም በእጄ ያልፋል። በየሆስፒታሉ እንደ እኔ ያሉ ብዙ ሐበሾች አሉ። የሬዚደንቶችን ሮቴሽንና በጀት የሚይዝ ሲስተም ምረጡ ሲባሉ ሻጩ ከሚነግራቸው በቀር የሚሰሙት ስለሌለ ይህን ጻፍኩ። ውሉ የሆስፒታሉ ስለሆነ የኩባንያውን ስም አልጠራም።

የሲስተሙ ጥቅም የሚገባው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ለሚያውቅ ነው። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ያቋቋመው የጤና መድን) ለሥልጠና የሚከፍለው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ቀጥታ ክፍያ ሲሆን ለሬዚደንቱ ደመወዝ፣ ለአስተማሪ ሐኪሞችና ለቢሮ ወጪ የታሰበ ነው። ሁለተኛው ተዘዋዋሪ ክፍያ ነው፤ ተኝተው ለሚታከሙ የሜዲኬር ታካሚዎች በሚከፈለው ላይ ይጨመራል፤ ለየ100 አልጋው 10 ሬዚደንት ያለው ሆስፒታል በግምት 5.5 በመቶ ያህል ጭማሪ ያገኛል። ሁለቱም የሚሰሉት በሬዚደንት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ ጣሪያ አለው፦ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሕግ ነባር ሆስፒታሎችን በ1996 በነበራቸው ቁጥር ላይ አቆማቸው። በ2020 መጨረሻ የወጣው ሕግ 1,000 ተጨማሪ ቦታ ፈቀደ፤ እሱም በዓመት ከ200 ሳይበልጥ የሚታደል ነው። የእኛ ሆስፒታል ጣሪያው ላይ አልደረሰም። ስለዚህ ሳይቆጠር የቀረ አንድ ወር ለእኛ የጠፋ ገንዘብ ነው፤ የሦስት ዓመት አማካይ ስለሚወሰድም የዘንድሮው ጉድለት ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ይከተለናል።

ሶፍትዌሩን የምወደው እዚህ ላይ ነው። ሮቴሽን ሲመዘገብ ከየት ቀን እስከ የት ቀን፣ የት ቦታ፣ ምን ዓይነት ሥራ ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወሩ በቀጥታው ክፍያ ይቆጠር እንደሆነ፣ በተዘዋዋሪውም ይቆጠር እንደሆነ ለየብቻ ያሳያል። ሬዚደንቱ ከሆስፒታሉ ውጭ ባለ ክሊኒክ ታካሚ የሚያይ ከሆነ ደመወዙንና ጥቅማ ጥቅሙን እኛ መክፈላችንን ሳናረጋግጥ አያሳልፍም። ደመወዙን የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የሚከፍልለትን ወር ራሱ ያወጣዋል። ከታካሚ ጋር የማይገናኝ ንጹሕ የምርምር ወር በተዘዋዋሪው ላይ አይቆጠርም፤ ይህንንም ያውቃል። ቀድሞ በኤክሰል ስንሠራ እያንዳንዱን ወር በዓይን መፈተሽ ነበረብን።

ውጭ አገር ተምረው ለሚመጡ ሐኪሞች ያለውን ጥንቃቄ ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ። የኢሲኤፍኤምጂ (የውጭ ተመራቂ ሐኪሞችን መረጃና ፈተና የሚያረጋግጠው የአሜሪካ ተቋም) ሰርተፊኬት ቀን የሚሞላበት ሳጥን ባዶ ከሆነ የሬዚደንቱ ፋይል ቀይ ሆኖ ይቆያል፤ ወደ ሪፖርቱም አይገባም። ትክክልም ነው፤ የውጭ ተመራቂ የሚጠየቀውን የሕክምና ፈተና ማለፉ ካልተረጋገጠ በቀጥታው ክፍያ አይቆጠርም። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ ተመርቀው የመጡ ልጆቻችን በአንድ ባዶ ሳጥን ምክንያት ለሆስፒታሉ ሸክም ተደርገው እንዲታዩ አልፈልግም። ይህ ጉዳይ ለእኔ ከሥራም በላይ ነው።

የሥልጠና ዘመን ስሌቱም የሚታመን ነው። አንድ ሬዚደንት በቀጥታው ክፍያ እንደ ሙሉ ሰው የሚቆጠርበት ጊዜ ገደብ አለው፤ የውስጥ ደዌ 3 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ለልብ ሕክምና ፌሎሺፕ (ከሬዚደንሲ በኋላ ያለ ተጨማሪ ሥልጠና) የቀጠለ ሐኪም በቀጥታው ክፍያ እንደ ግማሽ ሰው ይቆጠራል፤ በተዘዋዋሪው ግን ሙሉ ነው። የጊዜው ገደብ የሚወሰነው መጀመሪያ በገባበት ፕሮግራም ስለሆነ፣ አጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ጀምሮ ወደ እኛ የዞረ ሬዚደንት የቀዶ ሕክምናውን የ5 ዓመት ገደብ ይዞ ይመጣል። ሲስተሙ ይህን ሁሉ ያለ ስህተት ያሰላል።

በጀቱ ላይ ግን ሌላ ሶፍትዌር የገዛን ያህል ነው። የወጪ መደቦቹ ከፋብሪካ እንደመጡ ናቸው፤ የቦርድ ፈተና ዝግጅትን፣ የኮንፈረንስ ጉዞንና የምልመላ ወጪን ለያይቼ ልያዝ ብል መንገድ የለውም። የባሰው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የሥልጠና ዓመት ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው፤ የሆስፒታላችን የበጀት ዓመት ግን በኦክቶበር ይጀምራል። የሮቴሽን ገጹ ቀኖቹን ለሁለት የበጀት ዓመት ሲከፍል፣ የበጀት ገጹ የጁላይን ጭማሪ ደመወዝ ዓመቱን በሙሉ ያሰራጨዋል። ወልዳ ፈቃድ የወሰደችና ሥልጠናዋን ከጁን 30 በኋላ የምትጨርስ ሬዚደንት ደግሞ ከትንበያው ጭራሽ ትጠፋለች። ከ2022 ጀምሮ ኤሲጂኤምኢ (የሬዚደንሲ ፕሮግራሞችን እውቅና የሚሰጠው ተቋም) ቢያንስ አንድ ጊዜ 6 ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ እንዲህ ያለው የጊዜ መሸጋሸግ በየፕሮግራሙ ያለ ነገር ነው፤ ሶፍትዌሩ ሊያውቀው ይገባ ነበር። እናት የሆነች ሐኪም ደመወዝ በጀት ውስጥ ሳይያዝ ቀርቶ በመጨረሻው ወር እንደ ልመና ሲጠየቅላት ማየት ያሳዝነኛል። ለድጋፍ ክፍላቸው ጽፌአለሁ፤ በትሕትና ይመልሳሉ፣ ገጹ ግን አልተቀየረም።

አንድ ክፍተት ደግሞ የእነሱ ጥፋት ባይሆንም ይታወቅ። ሬዚደንቱ በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ከተመዘገበ ሲስተሙ ያስጠነቅቃል፤ ሌላው ሆስፒታል በራሱ ሲስተም ያስገባውን ግን አያይም። ሁለታችንም አንዱን ሰው ሙሉ ሙሉ ከጠየቅን ተደራራቢው የሚወጣው የአይሪስ ፋይል (የሬዚደንቶች ዝርዝርና ሮቴሽን ለሜዲኬር የሚቀርብበት) ከሆስፒታሉ ዓመታዊ የወጪ ሪፖርት ጋር ከገባ በኋላ ነው። ሪፖርቱ የበጀት ዓመቱ ባለቀ በ5 ወር ውስጥ ስለሚገባ፣ እኔ ቀደም ብዬ ለሌላኛው ሆስፒታል ኮርዲኔተር ደውዬ ቀን በቀን አስተያያለሁ።

እንግዲህ ለቆጠራው ግዙት፣ በጀታችሁን ግን በኤክሰል ያዙ። ዴሞ ሲያሳዩአችሁ እነሱ ያዘጋጁትን ሬዚደንት አትቀበሉ፤ ከቀዶ ሕክምና የዞረች፣ የውጭ ተመራቂ የሆነች፣ በወሊድ ፈቃድ እስከ ኦገስት የተራዘመች አንዲት ሬዚደንት ፊታችሁ እንዲመዘግቡ ጠይቁና የኦገስት ደመወዟ በየትኛው የበጀት ዓመት እንደተቀመጠ አሳዩን በሏቸው።