ሸካራዋ የሸክላ ድስት ከስምንት ወር በኋላ

ሁለት የሸክላ ድስቶች በአንድ ቀን ገዛሁ። አንደኛዋ ቀጭንና ለስላሳ፣ መላ አካሏ አንድ ዓይነት ቀይ። ሌላዋ ወፍራም፣ አሸዋዋ እጅ የሚቧጥጥ፣ ጎኗ ላይ ጥቁር እድፍ ያለባት። የቱን እንደወደድኩ መናገር አያስፈልግም። ዛሬ ምድጃዬ ላይ ያለችው ግን ሸካራዋ ናት።

ለስላሳዋ ሦስተኛ ሳምንቷን ሳትጨርስ ከሥሯ ነቃች። እሳት አብዝቼባት ነበር፤ ሸካራዋም ግን ያንኑ እሳት ቀምሳለች። የተሰባሪዋን ገል ሳየው ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አንዴ የተጀመረ ስንጥቅ እስከ ጫፍ ይነጉዳል። በሸካራዋ ጭቃ ውስጥ ያለው አሸዋና የአሮጌ ሸክላ ስባሪ ግን የስንጥቁን መንገድ ያደናቅፋል።

እድፉን እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር። አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት አየር በበዛበት እሳት ይቀላል፣ አየር ሲያጣ ይጠቁራል፤ በሜዳ እሳት የሚቃጠል ሸክላ ደግሞ ነበልባልና ጭስ እኩል አይደርሰውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን የአቴና ሸክላ ሠሪዎች የምድጃቸውን አየር እየከፈቱና እየዘጉ ቀዩንና ጥቁሩን በአንድ ማቃጠል ያወጡ ነበር። የኔዋ ላይ የሣለው ነፋሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሰልቺ ነበሩ። ውሃ እንደ ላብ ታወጣ ነበር። የሜዳ እሳት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ቀዳዳዎቿ አይደፈኑም፤ ለዚያ 1200 ገደማ ያስፈልጋል፣ ያን ሙቀት ደግሞ ተራ አፈር አይችለውም፤ ቀልጦ ይጎብጣል። ደጋግሜ ሳሟሻት ላቡ ቆመ። አንድ ቀን በሳሙና አጠብኳትና ለሳምንት ያህል ያበሰልኩት ሁሉ ሳሙና ሳሙና አለኝ። አሁን በሙቅ ውሃና በብሩሽ ብቻ ነው።

በአምስተኛው ወር ትከሻዋ ላይ ጥፍር የምታህል ቅርፊት ተነሣች፤ ከሥሯ ነጭ ነጥብ። የኖራ ድንጋይ ፍንጣሪ ነው፦ እሳቱ ሲበረታበት ወደ ኖራ ይለወጣል፣ ከዚያ እርጥበት እየጠጣ ያብጥና ሸክላውን ይገፋል። በሰሜን አሜሪካ በሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆ የነበሩ ጥንታዊ ሸክላ ሠሪዎች ጭቃቸውን በተፈጨ የወንዝ ዛጎል ያጠነክሩ ነበር፤ ዛጎልም እንደ ኖራ ድንጋይ በብርቱ እሳት ወደ ኖራ ስለሚለወጥ እሳታቸውን ዝቅ ማድረግ ነበረባቸው። የኔዋን የሠራው ሰው አፈሩን አንድ ጊዜ ደግሞ ቢነፋው ደስ ባለኝ።

ለመሞቅ ትዘገያለች፤ ለችኩል ሰው አልመክራትም። እሳቱን ካጠፋሁ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ትንተከተካለች። ነጩን ነጥብ በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ እስካሁን አልሰፋም።