ለማስታወቂያ አማካሪያችን የቀረበ ምስጋና፣ ለአነስተኛ ነጋዴዎችም ጥቆማ

ከባለቤቴ ጋር በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አለን። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ካለፈው የካቲት ጀምሮ የማስታወቂያ ሥራችንን መልክ ላስያዘችልን ወጣት አማካሪ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ነው። እንደኛው በትንሽ ካፒታል የሚሠሩና ለማስታወቂያ የሚያወጡት ብር ከሸማኔ ክፍያና ከሱቅ ኪራይ ላይ የሚነሣባቸው ነጋዴዎችም እንዲያውቋት እፈልጋለሁ።

አስቀድሜ የነበርንበትን ሁኔታ ልግለጽ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የሠርግ ወቅት ነው ብለን በአንድ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ለአንድ ወር ያህል ማስታወቂያ አስነገርን፤ በፌስቡክ ገጻችን ላይም በየሳምንቱ ፎቶ እየመረጥን ቡስት (በክፍያ ለብዙ ሰው እንዲታይ) እናስደርግ ነበር። የፌስቡክ ክፍያ በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ እንደ ብዙው ነጋዴ ካርድ ላለው ሰው በብር እየከፈልን ነበር የምናሠራው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ያው ማስታወቂያ በእጥፍ የሚጠጋ ብር ይጠይቀን ጀመር። ላይኩ በየጊዜው ይጨምራል፤ ሱቁ ውስጥ ግን የሚታይ ለውጥ አልነበረም። ጥፋቱ የሬዲዮው ይሁን፣ የፎቶው ወይስ የዋጋችን፣ የምናውቅበት መንገድም አልነበረንም።

በዚህ መካከል አንድ ጎረቤት ነጋዴ በቴሌግራም «ለአነስተኛ ነጋዴ የተዘጋጀ ነፃ ሪፖርት» የሚል ጽሑፍ ላከልኝ። እውነቱን ለመናገር ለመክፈት እንኳ ፈቃደኛ አልነበርኩም፤ ከዚያ በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት በነፃ ግምገማ ስም የላከልን ወረቀት የድረ ገጻችን ፍጥነት እጅግ ደካማ መሆኑን በቀይ ቀለም አስምሮ የሚነግረን ነበርና ነው። እኛ ድረ ገጽ ኖሮን አያውቅም። «ሙሉ መፍትሔውን» ለማየት ደግሞ አስቀድሞ መክፈል ይጠበቅብን ነበር። እንዲህ ያለው ወረቀት ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ለማስፈራራት የሚሰናዳ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

የዚህች ልጅ ሪፖርት ከዚያ ፈጽሞ የተለየ ነበር። 14 ገጽ ነው፤ የተጻፈው በአማርኛ ሲሆን ማንም ነጋዴ ያለ አማካሪ ራሱ ሊሠራበት የሚችል ሙሉ ትምህርት ይዟል። ወደ ሱቅ የሚገባን እያንዳንዱን ደንበኛ «ከየት ሰምተው መጡ?» ብሎ መጠየቅንና መልሱን በዚያው በትእዛዝ መዝገቡ ላይ መጻፍን፣ ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የተለየ ስልክ ቁጥር መመደብን፣ ውጤትን በላይክ ሳይሆን በተከፈለ ቀብድ መለካትን በምሳሌ ያስረዳል። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ሲያዝ የሚመረጠው ዓላማ ምን ያህል እንደሚወስን መጀመሪያ የገባኝም ከዚሁ ጽሑፍ ነው፤ ላይክ እንዲበዛ ከታዘዘ ላይክ ማድረግ ለሚወዱ ሰዎች ያሳያል፣ መልእክት እንዲመጣ ከታዘዘ ደግሞ መልእክት የመጻፍ ልማድ ላላቸው። እኛ ለሁለት ዓመት ስንከፍል የኖርነው ለላይክ ነበር።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ደራሲዋ የማማከር አገልግሎት እንደምትሸጥ፣ ዋጋው በወር ስንት እንደሆነና ምን ምን እንደሚያካትት በግልጽ ተጽፏል። ከዚያ በታች፣ የትእዛዝ መዝገቡንና የማስታወቂያ ወጪውን ፎቶ አንሥቶ ለሚልክላት ነጋዴ ስለ ራሱ ሱቅ ብቻ የሚናገር ሌላ አጭር ሪፖርት፣ ያም በነፃ፣ እንደምታዘጋጅ ትገልጻለች። የይለፍ ቃል አልጠየቀችም፤ እንዲያውም ለእርሷም ሆነ ለማንም እንዳንሰጥ፣ ገጹን የሚያስተዳድር ሰው ካስፈለገ በራሱ ስም የሥራ ድርሻ ብቻ እንዲሰጠው ታስጠነቅቃለች። ከዚህ በፊት የይለፍ ቃል ሰጥቼ የመጀመሪያውን ገጻችንን ከነተከታዮቹ ያጣሁ ሰው በመሆኔ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳነብ ልቤ ተቀበላት።

የሁለት ዓመት መዝገባችንን ላክንላት፤ በዘጠነኛው ቀን ስድስት ገጽ ሪፖርት መጣልን። በዚያ ውስጥ የነበረው ዋና ግኝት ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል፤ ምክንያቱም መረጃው ሁሉ ለዓመታት በገዛ መሳቢያችን ውስጥ የተቀመጠ ነበር። እኛ የምናስተዋውቀው ሠርግ በሚበዛበት ወር ነው፤ ሙሽራና ሚዜዎች ግን ልብሳቸውን የሚያዙት በዚያ ወር አይደለም። በእጅ የሚሠራ ጥለት ያለው ቀሚስ በእኛ ሸማኔዎች ዘንድ ከሦስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር የሚፈጅ በመሆኑ፣ ጥር ላይ የሚያገባ ሰው ቀብዱን የሚከፍለው በኅዳርና በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። በጥር ሬዲዮ ላይ ስንናገር የሰማን ሙሽራ ሁሉ ልብሱን ሌላ ቦታ አዝዞ ጨርሷል ማለት ነው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ወቅት ደግሞ ስሕተታችን የባሰ ነበር። በዓቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ «ጾም ነው፣ ገበያ የለም» ብለን ማስታወቂያውን ሁሉ እናቆም ነበር። እርሷ ግን የመዝገቡን ቀኖች አንድ በአንድ ቆጥራ፣ በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ለነበሩ ሠርጎች ከተቀበልናቸው 41 ትእዛዞች ውስጥ የ29ኙ ቀብድ የተከፈለው በዚያው በጾሙ ውስጥ መሆኑን አሳየችን። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ደግሞ ሚያዝያ 4 ስለሚውል፣ የማስታወቂያችን ጊዜ ከበዓሉ ጋር ወደፊትና ወደ ኋላ መሄድ እንዳለበት በሠንጠረዥ አስቀምጣልን ነበር። ሪፖርቱ የደረሰን ጾሙ የካቲት 17 ቀን ከመግባቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነው፤ ልናቆም የተዘጋጀንበት ሳምንት ነበር።

ሌላው ግኝት የውጭ አገር ደንበኞችን የሚመለከት ነው። ከአሜሪካ የሚጽፉልን ሰዎች መልእክት በብዛት የሚገባው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ ይህ ሰዎች ከሥራ ተመልሰው የሚያርፉበት ምሽት ነው። እኛ ሱቅ ከፍተን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ስንመልስ እነርሱ ተኝተዋል፤ እነርሱ ነቅተው ሲጽፉ ደግሞ እኛ እንቅልፍ ላይ ነን። አንድ የልኬት ጥያቄ እንዲህ እየተመላለሰ አራት ቀን ይፈጅ ነበር። አሁን የልኬት አወሳሰዱንና የዋጋውን መነሻ የሚገልጽ መልስ ወዲያውኑ እንዲደርሳቸው አድርገናል፤ ልጃችንም ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ እነርሱ ሳይተኙ፣ ቀሪውን ትመልሳለች።

ሪፖርቱን ካነበብኩ በኋላ ደውዬ፣ ይህን ሁሉ በነፃ ከሰጠሽን ለምን እንቀጥርሻለን ብዬ ጠየቅኳት። የመለሰችልኝ እንዲህ ብላ ነው፦ «ጋሼ፣ ይህ ሪፖርት የእኔ ማስታወቂያ ነው። እርስዎ ለሬዲዮ የሚከፍሉትን እኔ በሥራ ሰዓቴ እከፍለዋለሁ። ራሳችሁ መሥራት ከቻላችሁ ሥሩበት፤ ጊዜ ካጣችሁ ብቻ ጥሩኝ።» ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ደውላ አላስቸገረችንም። ሁለት ሳምንት ራሳችን ሞክረን፣ ከሱቁ ሥራ ጋር እንደማይሆንልን ስናውቅ በሪፖርቱ ላይ በተጻፈው ዋጋ ሳይጨመር ተዋዋልን።

ከተዋዋልን በኋላ ይበልጥ ያከበርኳት በውጤት አቀራረቧ ነው። ከፋሲካ 2017 በኋላ ለነበሩ ሠርጎች 58 ትእዛዝ ተቀበልን፤ ያወጣነውም ካለፈው ዓመት ያነሰ ገንዘብ ነበር። እርሷ ግን በወርኃዊ ሪፖርቷ ላይ ያስመዘገበችው ለማስታወቂያው በተመደበው ስልክና በመልእክት የመጡትን 17 ብቻ ነው። የቀሩት በቀድሞ ደንበኞቻችንና በዘመድ ጥቆማ የመጡ ስለሆኑ የእርሷ ድካም ውጤት ናቸው ብለን እንዳንገምት፣ የሸማኔዎቻችን ሥራ ፍሬ መሆናቸውን ጽፋልናለች። 58ቱን ለራሷ ብትቆጥር ኖሮ እኔ አላውቅባትም ነበር።

በማስታወቂያችን ላይ የነበረውን «በአገሪቱ ብቸኛው» የሚለውን ቃልም ያስወጣችን እርሷ ናት። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን እንደሚከለክል አስረድታ፣ ልናረጋግጠው የማንችለውን ነገር ከመናገር ይልቅ ልብሱ በስንት ቀን እንደሚደርስና ቢዘገይ ምን እንደምናደርግ ብንጽፍ እንደሚሻል መከረችን። ደንበኞች ስለዚያ የመድረሻ ቀን ደጋግመው ይጠይቁናል፤ «ብቸኛው» ስለሚለው ግን የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ምስጋናዬ ሚዛናዊ እንዲሆን ጉድለቱንም መናገር ይገባኛል። ሥራዋን ሁሉ ብቻዋን ስለምትሠራ በበዓል ሰሞን መልስ ለማግኘት ሁለትና ሦስት ቀን የጠበቅንባቸው ጊዜያት አሉ። ባለቤቴ በቪዲዮ ፊት ቀርባ እንድትናገር የሰጠችንን ምክርም አልተቀበልነውም፤ ባለቤቴ አልወደደችውም፤ እርሷም አልተጫነችንም። የትእዛዝ መዝገብ የማይዝ ነጋዴ ደግሞ ከእርሷ ብዙ ጥቅም ያገኛል ብዬ አላስብም፤ ሙያዋ የሚጀምረው ከመዝገቡ ነውና።

ስሟንና ስልኳን ያለ ፈቃዷ እዚህ ላይ መጻፍ አልፈለግኩም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን እልካለሁ፤ ባለ 14 ገጹን ሪፖርትም እንዲሁ። ከመደወላችሁ በፊት ቢያንስ የአንድ ዓመት የቀብድ ቀኖችን፣ ለማስታወቂያ የከፈላችሁባቸውን ደረሰኞችና መልእክት የሚበዛባችሁን ሰዓት አዘጋጁ። በአንድ ጊዜ ከጥቂት ሱቆች በላይ ስለማትይዝ ወረፋ ሊኖር ይችላል። በያዝነው ኅዳር የጥር ሠርግ ትእዛዝ እየተቀበልን ነው፤ ከእርሷ ጋር ለጥር ሠርግ ያሰናዳነው ማስታወቂያም የወጣው ጥቅምት 20 ቀን ነበር።