ለጅሬኑ ፈረሰኛ እና ለፊዚዮቴራፒስታችን፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

ጅማ የምትኖሩ፣ በተለይም የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ዳር ፈረስ የሚያረቡ አንድ አባት እና በዕረፍት ቀኗ እርሳቸው ዘንድ እየመጣች የምትሠራ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት (በአካል እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) ልጄን ፈረስ ላይ እያስቀመጡ ሰውነቷን በማለማመድ ያደረጉላትን በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት አልፈልግም። ስማችን አይጻፍ ስላሉ አልጠራቸውም።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት ምክንያት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ አለባት። ጡንቻዋ ግትር ስለሆነ ጭኖቿ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ ትራስ ካልተደረገላት መቀመጥ አትችልም ነበር። «እንዲሁ ሆና ትኖራለች፤ አትድከሚ» ያለኝ ባለሙያም ነበር። ያን ቀን እያለቀስኩ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ግን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ፈረስ በእርጋታ ሲራመድ ጀርባው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ሰው ሲራመድ ዳሌው የሚያደርገው እንቅስቃሴም ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል። ስለዚህ በእግሩ መሄድ የማይችል ልጅ እንኳን ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ወገቡና ዳሌው የእርምጃን ምት ይለማመዳሉ፤ ላለመውደቅ ሲል የሆዱና የጀርባው ጡንቻ በየእርምጃው ይሠራል። የፈረስ ሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በመሆኑ፣ ሙቀቱ የተኮማተረውን ጭን ለማላላት ይረዳል። የልጄ ፈረስ ኮርቻ የማይጫንበትና ወፍራም ብርድ ልብስ ብቻ የሚደረግበት ለዚህ ነው። ዴንማርካዊቷ ሊዝ ሃርቴል በፖሊዮ ምክንያት ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና፣ ፈረስ ላይ ለመውጣትም ለመውረድም የሰው እርዳታ እያስፈለጋት፣ በፈረንጆቹ 1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በፈረስ ግልቢያ የብር ሜዳሊያ ማግኘቷን የሰማሁትም ከዚህችው ፊዚዮቴራፒስት ነው።

ሥራቸውን ብታዩ! አባታችን ልጓሙን ይዘው ከፈረሱ ራስ አጠገብ ይሄዳሉ፤ ፈረሱን በለሆሳስ በኦሮምኛ ያናግሩታል። ፊዚዮቴራፒስቷ በአንድ ጎን፣ አንድ ወጣት በሌላው ጎን ሆነው የልጄን ጭንና ቁርጭምጭሚት ይዘዋል። «አቁሙልኝ» ስትላቸው ፈረሱ ቀስ ብሎ ይቆማል፤ ልጄ ወደ ፊት ታዘነብላለች፣ ከዚያ ራሷ ተመልሳ ትቃናለች። እንደገና ይሄዳሉ፣ እንደገና ይቆማሉ። ሁልጊዜ ተጨብጦ የሚውለው ግራ እጇ ጋማውን ለመያዝ ጣት በጣት ሲከፈት በዓይኔ አይቻለሁ።

ጅማ የፈረስ አገር ናት፤ ንጉሥ አባ ጅፋር እንኳን የሚታወቁት በፈረሳቸው ስም ነው። ልጆቹም በዚሁ ወግ አባታችንን በፈረሳቸው ስም ይጠሯቸዋል። እርሳቸው ልጅ ከመጫናቸው በፊት የፈረሱን ጀርባ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ቁስል ወይም እብጠት ካገኙ የዚያን ዕለት ሥራ የለም። ፈረሱ ደከመ ካሉም በቃ ነው፤ ማንም ቢለምናቸው አይመለሱም።

ሁሉንም ልጅ ዝም ብለው አይቀበሉም፤ ይህን በጣም አከብርላቸዋለሁ። ዳውን ሲንድሮም (ከውልደት ጀምሮ ያለ የክሮሞዞም ችግር) ያለበት ልጅ የአንገቱ አጥንት በሐኪም ሳይታይ አይወጣም። የሚጥል በሽታው በመድኃኒት ያልተረጋጋ ወይም የዳሌው መገጣጠሚያ የወለቀ ልጅም እንዲሁ። ገንዘብ የሚያሳሳቸው ሰዎች ቢሆኑ ማንንም ባልመለሱ ነበር።

ልጄ ዛሬም አትራመድም። ፈረሱ እንደሚያድናት ቃል የገባልን የለም፤ የቤት ውስጥ እንቅስቃሴዋንም አላቋረጥንም። ነገር ግን ዱካ ላይ ተቀምጣ በራሷ እጅ እንጀራ ትጎርሳለች። ከእርሷ ጋር ሲታይ ያፍር የነበረው ታላቅ ወንድሟ አሁን ፈረሱን የሚቦርሸው እኔ ነኝ ብሎ ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል። እኔም ተራ ስንጠብቅ ከሌሎች እናቶች ጋር ቡና እየጠጣሁ የልቤን እጫወታለሁ፤ ከወለድኳት ጀምሮ እንዲህ ያለ ጊዜ አልነበረኝም። ሁለታችሁንም ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እጠቁማችኋለሁ። አስቀድማችሁ የልጁን ሐኪም አማክሩ፣ የሕክምና ወረቀቱን ያዙ፣ ረጅም ሱሪ አልብሱት፤ የራስ መከላከያ ቆብ እዚያው አለ። ለአንድ ልጅ ሦስት ሰው ስለሚያስፈልግ፣ አጋዥ በጠፋ ቀን ተራ ሳይደርሳቸው የሚመለሱ ልጆች አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ጊዜ ያላችሁ የጅማ ወጣቶች፣ እባካችሁ ኑና ከፈረሱ ጎን ሂዱልን፤ አያያዙን ፊዚዮቴራፒስቷ ታሳያችኋለች።