ለሻካራው ቅርፊት የቀን ብርሃን ወይስ ቀይ መብራት?

ቆዳቸው ነጣ ያለ፣ ዕድሜያቸውን ፀሐይ ላይ ያሳለፉ ሰዎች ግንባራቸው ወይም መላጣቸው ላይ ሻካራ ቅርፊት ይወጣባቸዋል። አክቲኒክ ኬራቶሲስ ይባላል። ካንሰር አይደለም፤ ጥቂቱ ግን ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። አውስትራሊያ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው።

ሁለቱም ሕክምናዎች፣ የቀን ብርሃኑም ሆነ የቀይ መብራቱ፣ የሚጀምሩት በክሬም ነው። የተበላሹት ሴሎች ክሬሙን ብርሃን ሲያገኘው ወደሚገድላቸው ነገር ይቀይሩታል።

በመብራቱ፣ ክሬሙ ተሸፍኖ ለ3 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ ቀይ መብራት ለ10 ደቂቃ ገደማ ይበራበታል። ሴሎቹ ውስጥ የተጠራቀመው ንጥረ ነገር ባንዴ ስለሚነሳ ያቃጥላል፤ ያውም ክፉኛ። መሃል ላይ «ይብቃኝ» የሚል አለ።

በቀን ብርሃኑ ሐኪም ቤት ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ክሬሙ ይቀባል። በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ውጭ ተወጥቶ 2 ሰዓት መቆየት ነው። ንጥረ ነገሩ ገና እየተፈጠረ ስለሚሠራ ሕመሙ ቀላል ነው። ደመና ችግር የለውም፤ ዝናብና ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ግን አይሆንም። የፀሐይ መከላከያም አስቀድሞ ይቀባል። ዚንክ ያለበት ግን የሚፈለገውን ብርሃን ስለሚጋርድ አይመረጥም።

ለስስ ቅርፊት ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው። እኔ የቀን ብርሃኑን እመርጣለሁ፤ ሰው ሕመም ፈርቶ ሕክምናውን ሲተው ያሳዝነኛል። ለወፈረው ቅርፊት ግን መብራቱ ወይም ሌላ ሕክምና ይሻላል።