ላንድ ክሩዘሬ ላይ የገባው ኤር ሎከር

ሥራዬ ቱሪስት ይዞ ወደ ደቡብ ኦሞ መውረድ ነው። የማጎ ፓርክን ጭቃ የሚያውቅ ሰው ለምን ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) ላይ ገንዘብ እንዳፈሰስኩ አይጠይቀኝም። ፎር ባይ ፎር ገብቶም መኪና ይቆማል። ተራ ዲፈረንሻል ላይ አንዱ ጎማ ሲያዳልጠው እሱ ብቻ ይሽከረከራል፤ መሬት የያዘው ጎማ የሚገፋበት ጉልበት ያጣል።

የአውስትራሊያው ኤአርቢ የሚሠራው ኤር ሎከር ለዚህ መፍትሔ ነው። ማብሪያውን ስትጫን ትንሿ ኮምፕሬሰር አየር ትልካለች። ዲፈረንሻሉ ይቆለፋል፣ ሁለቱም ጎማዎች እኩል ይዞራሉ። ማብሪያውን ስታጠፋው መኪናው ወደ ድሮ ጠባዩ ይመለሳል። ያለ ማብሪያ በራሳቸው የሚቆለፉትን ሎከሮች ያልመረጥኩት ለዚህ ነው፤ አስፋልት ላይ ኩርባ ሲመጣ ጠባያቸው አይመቸኝም።

የኋላውን ብቻ ነው ያስገባሁት። የፊቱ ሲቆለፍ መሪው በጣም ይከብዳል፤ ለእኔ መንገድ ደግሞ የኋላው ይበቃል።

ገጠማው ግን የማንም ጋራዥ ሥራ አይደለም። የኮሮናና የፒኞኑ (እርስ በርስ የሚነካከሱት የዲፈረንሻሉ ጥርሶች) ክፍተት በትክክል ካልተስተካከለ ዲፈረንሻሉ ይጮሃል፣ ጥርሱም ይበላል። የእኔ መካኒክ ኩሽኔታዎቹን በአዲስ ቀይሮ፣ ክፍተቱን በመለኪያ እያየ ነው የዘጋው። እጁ ይባረክ! ከዕቃው በላይ የማመሰግነው እሱን ነው።

ቅሬታዬ የአየር ቱቦዋ ላይ ነው። ቀጭን ናት፤ ከጭስ ማውጫው አርቃችሁ በደንብ እሰሯት። ዋጋውም ከበድ ይላል።

ማብሪያውን ጭቃው ውስጥ ሳትገቡ በፊት ተጫኑ። ጎማው እየተሽከረከረ መቆለፍ ዕቃውን ይጎዳል። አስፋልት ላይ ደግሞ በፍጹም አትንኩት።