ለክለብ አባላት የተዘጋጀ የአእምሮ ጤና ውሎ በጣና ዳር፦ የአንድ ተሳታፊ ግምገማ

የሮታሪ ክለባችን ደም በማስለገስ፣ ችግኝ በመትከልና ለተማሪዎች ደብተር በማዳረስ ዓመታትን አስቆጥሯል። ከመካከላችን አንዱ ከእናቱ ቀብር በኋላ ከስብሰባ ሲጠፋ ግን «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» እየተባባልን ቆይተን፣ እንቅልፍ አጥቶ ቤቱን ዘግቶ መክረሙን የሰማነው ከወራት በኋላ ነበር (ይህን የምጽፈው በእርሱ ፈቃድ ነው)። በአንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚመራውን ይህን የአንድ ቀን አገልግሎት የገዛነው በዚህ ምክንያት ነው። 18 ሆነን ጠዋት ባሕር ዳር በሐይቁ ዳርቻ ባለ አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በጀልባ ተሻግረን በዘጌ ልሳነ ምድር ዋልን።

የጠዋቱ ትምህርት ከጠበቅሁት የተሻለ ነበር። ባለሙያዋ የመጀመሪያ ደረጃ ሥነ ልቦናዊ እርዳታ የሚባለውን፣ ማለትም ማስተዋልን፣ ማዳመጥንና ከእርዳታ ጋር ማገናኘትን፣ ያስረዱን በለቅሶ ቤት ልማዳችን ነው፤ እስከ ሠልስት ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም፣ ከዚያ ድንኳኑ ይነሣል፣ እስከ አርባው ባለው ጊዜ ማን ደጁን እንደሚያንኳኳ ግን የሚያስብ የለም። ጠበቃው ፖል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1905 በቺካጎ ከሦስት ሰዎች ጋር ሮታሪን ሲጀምር የፈለገው በትልቁ ከተማ ያጣውን ወዳጅነት እንደነበረ፣ የበጎ አድራጎቱ ሥራ ከዚያ በኋላ እንደመጣም አስታወሱን።

ቅሬታዬ በቅጹ ላይ ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚጠይቀው፣ 9 ጥያቄዎችና እስከ 27 የሚደርስ ድምር ያለው የድብርት መለኪያ ስም ተጽፎበት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተሰበሰበ። አለቃና ሠራተኛ ጎን ለጎን በተቀመጡበት ክፍል እውነቱን የሚሞላ ማን ነው? እኔ ራሴ በእንቅልፍ ጥያቄ ላይ ዜሮ አክብቤ ወጣሁ። ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀውን ዘጠነኛውን ጥያቄ በዚያው ቀን ማን እንደሚያነበውና የሚያሰጋ መልስ ቢገኝ ሰውየው ወዴት እንደሚላክ ብንጠይቅም የጠራ መልስ አላገኘንም።

ለክፍያው የሚመጥነውን ያገኘሁት በጀልባው ላይ ነው። ከማንቀራረበው ሰው ጋር ጥንድ ጥንድ ተደርገን፣ አንዱ ለ10 ደቂቃ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ ታዘዘ፤ «አይዞህ»ም ሆነ «ለበጎ ነው» እንዳይል ተከለከለ። ለእኛ ይህን ያህል ከባድ ክልከላ የለም! የሞተሩ ጩኸት ጆሮን ወደ ተናጋሪው ማስጠጋትን ስለሚያስገድድ፣ ሌላ ቀን በሥራ ጉዳይ ብቻ የማውቃቸው አዛውንት አባል ከጡረታ በኋላ ስላለው ዝምታ ሲነግሩኝ ከእኔ በቀር የሰማቸው አልነበረም። ዘጌ ደርሰን በቡናው ዛፎች ጥላ ሥር ከአቦል እስከ በረካ ስንቆይ ያለ መሪ ወሬው ቀጠለ።

ምሳው የቀዘቀዘ የዓሣ ጉላሽ ነበር፤ አላካብደውም። አገልግሎቱን ለሌሎች ክለቦች እመክራለሁ፤ እኛም በድጋሚ ልንዋዋል ነው፣ በውሉ ላይ ግን እያንዳንዱ አባል የሞላውን ቅጽ ይዞ እንዲቀር፣ የፈለገ ባለሙያዋን በር ዘግቶ እንዲያነጋግር፣ ታካሚ የሚቀበል የአእምሮ ሐኪምም አስቀድሞ እንዲታወቅ አስገብተናል።